ከጣና አንድ ጠብታ ውሃ ወስዶ ህዋስ ማየት፦ ደረጃ በደረጃ

ይህ መመሪያ ባሕር ዳርና በጣና ዳርቻ ላሉ ተማሪዎች፣ ለሳይንስ ክበብ መምህራንና ልጆቻቸው ጥያቄ ለሚያበዙባቸው ወላጆች ነው። የሚያስፈልገው አንድ የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ፣ ከቤትና ከሰፈር የሚገኙ ጥቂት ነገሮች እና ትዕግሥት ነው።

የህዋስን ሥዕል ሁላችንም ከመጽሐፍ ሸምድደናል። ቀለም ተቀብቶ፣ ዙሪያውን ቀስት ተሰክቶበት። ያ ሥዕል ግን ብዙ ሰዎች በ300 ዓመት ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ የደረሱበትን ነገር በአንድ ገጽ ላይ ያጨቀ ነው። ተማሪው ማይክሮስኮፕ ላይ ሲያጎነብስ ያንኑ ሥዕል ይፈልጋል። አያገኘውም። «ምንም አይታይም» ብሎ ይነሳል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ተመልካቾች በሄዱበት መንገድ እንሂድ። ከትልቁ ህዋስ እንጀምርና ወደ ትንሹ እንውረድ። በየደረጃው መሣሪያው ምን እንደሚያሳየንና ምን እንደማያሳየን እንለይ። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ መሣሪያውን አዘጋጁ፣ ለኩት

አብዛኛው የትምህርት ቤት ማይክሮስኮፕ 4፣ 10 እና 40 ጊዜ የሚያጎሉ ሦስት ሌንሶች አሉት። ዓይናችንን የምናስጠጋበት ሌንስ ደግሞ 10 ጊዜ ያጎላል። ሁለቱ ሲባዙ 40፣ 100 እና 400 ጊዜ ይሆናል። 100 የተጻፈበት አራተኛ ሌንስ ካለ 1000 ጊዜ ድረስ ትሄዳላችሁ፤ እሱ ግን ያለ ልዩ ዘይቱ በደንብ አያሳይም።

ሌላው ቀላል ነው። ስላይድ (ናሙናው የሚቀመጥበት መስታወት)፣ ስስ መሸፈኛ መስታወት፣ ጠብታ መጣያ፣ መርፌ፣ ቲንክቸር አዮዲን፣ በአልኮል የሚነድ ኩራዝ ወይም ኩራዙን የሚተካ ጥላሸት የሌለው እሳት፣ በረኪና። ከፋርማሲ ጂቪ የሚባለውን ሐምራዊ ቀለም ግዙ። ሙሉ ስሙ ጀንሺያን ቫዮሌት ነው። ልብስና እጅ ላይ ከነካ ቶሎ አይለቅምና ጓንት አድርጉ።

ከሁሉ በፊት ለኩ። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ሥራው ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው ባይ ነኝ። ግልጽ የፕላስቲክ ማስመሪያ በ4ቱ ሌንስ ሥር አስቀምጡና የሚታየው ክብ ከዳር እስከ ዳር ስንት ሚሊ ሜትር እንደሆነ ቁጠሩ። 4.5 ሚሊ ሜትር ካገኛችሁ በ10ሩ ሌንስ 1.8፣ በ40ው ደግሞ 0.45 ሚሊ ሜትር ይሆናል። 0.45 ሚሊ ሜትር ማለት 450 ማይክሮሜትር ነው። ከዚህ በኋላ የምታዩት ነገር የክቡን ግማሽ ከያዘ ርዝመቱን ታውቃላችሁ። ሩቡን ከያዘም እንዲሁ። ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ማይክሮስኮፑ ላይ ለጥፉት።

ደረጃ 2፦ በቀይ ሽንኩርት እጃችሁን አፍታቱ

ሽንኩርቱን ለሁለት ክፈሉና ከአንዱ ሽፋን የውስጠኛ ገጽ ላይ ስሱን ግልጽ ቆዳ ላጡ። ስላይድ ላይ በአንድ ጠብታ ውሃ ውስጥ ዘርጉት። እንዳይጨማደድ በመርፌ አስተካክሉ። በውሃ የቀጠነ አንድ ጠብታ አዮዲን ጨምሩ። መሸፈኛውን በአንድ ጠርዙ አስቁማችሁ ቀስ ብላችሁ አስተኙት፤ እንዲህ ካላደረጋችሁ አየር ይታፈናል። አየር የታፈነበት ቦታ ጥቁር ወፍራም ቀለበት ያለው ክብ ሆኖ ይታያል። ብዙ ጀማሪ «ህዋስ አገኘሁ» የሚለው እሱን አይቶ ነው።

ሁልጊዜ በ4ቱ ሌንስ ጀምሩ። በትልቁ ማዞሪያ አጥሩት፣ ከዚያ ወደ 10 እና 40 እለፉ። በ40ው ላይ ትልቁን ማዞሪያ አትንኩ፤ ሌንሱ ወርዶ መስታወቱን ይሰብራል።

ተደርድረው የተያያዙ ረጃጅም ክፍሎች ታያላችሁ። መስመሮቹ የህዋስ ግድግዳዎች ናቸው። እንግሊዛዊው ሮበርት ሁክ በ1665 ባሳተመው ሥራ የገለጸው ይህንን ግድግዳ ነው። እሱ ያየው በስሱ የተቆረጠ ቡሽ ነበር፤ እንደ ማር እንጀራ ክፍል ክፍል ሆኖ አገኘው። ቡሽ የሞተ የዛፍ ቅርፊት ስለሆነ ክፍሎቹ ባዶ ነበሩ። እናንተ ግን ከሁክ አንድ ነገር ትበልጣላችሁ። በየክፍሉ ውስጥ አዮዲኑ ቢጫ ቡናማ ያደረገው አንድ ክብ ነጥብ አለ። እሱ ኑክለስ፣ ማለትም የህዋሱ አስኳል ነው። የስኮትላንዱ የዕፅዋት ተመራማሪ ሮበርት ብራውን በ1831 በየህዋሱ የሚገኝ ነገር መሆኑን አስተውሎ ስም እስኪሰጠው ድረስ ከሁክ በኋላ 166 ዓመት አልፏል። የብራውንን ስም ያዙት፤ ጣና ላይ እንደገና ያስፈልገናል።

ደረጃ 3፦ ውሃውን ከጣና ቅዱ

እዚህ ጋ ከሳይንሱ በፊት ጥንቃቄ ይቅደም። በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ። ትሉ ከውሃ ቀንድ አውጣ ወጥቶ በቆዳ በኩል ነው የሚገባው፤ ውሃውን መጠጣት አያስፈልገውም። በብዛት የሚወጣው ፀሐይ ሲጠነክር፣ በግምት ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ስለዚህ በማለዳ ሂዱ። ወደ ውሃው አትግቡ። ቦቲና የላስቲክ ጓንት አድርጉ፤ ወይም ጠርሙሱን ረጅም እንጨት ላይ አስራችሁ ቅዱ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ጉማሬ ስላለ ብቻችሁን አትሂዱ። ልጆች ከሆኑ ትልቅ ሰው አብሯቸው ይኑር።

ከየት ትቀዱ? መሐል ሐይቅ ያለው ውሃ ብዙም አያጓጓም። ሀብታሙ ቦታ ዳሩ ነው። የደንገል ግንድ ከውሃው በታች ሲነካ ያሙለጨልጫል። ያንን ልጋግ በማንኪያ ፋቅ ፋቅ አድርጋችሁ ከትንሽ ውሃ ጋር ጠርሙስ ውስጥ ክተቱ። የእምቦጭ ሥር ካገኛችሁም እንደ ብሩሽ ጭራ ጭራ ያለውን ሥር ጠርሙሱ ውስጥ አራግፉት። እምቦጩን ግን ወደ ሌላ ኩሬ ወይም ወንዝ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ለመራባት አንዲት ቁራጭ ትበቃዋለች። ሦስተኛ ጠርሙስ ደግሞ ተራውን የዳር ውሃ ይያዝ።

ጠርሙሱን እስከ አፉ አትሙሉት፤ ውስጥ ያሉት ፍጡራን አየር ይፈልጋሉ። ክዳኑን ላላ አድርጋችሁ፣ ብርሃን በሚያገኝ ግን ፀሐይ በማይመታው መስኮት አጠገብ አሳድሩት። ጣና ጥልቀቱ ቢበዛ 14 ሜትር ገደማ ነው። ነፋስ በቀላሉ እስከ ታች ያማስለዋል። በክረምት ደግሞ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ አፈር ጭነው ይመጣሉ። ያላደረ ውሃ ብታዩ የምታዩት ጭቃ ነው። ለዚህ ሥራ ከጥቅምት ወዲህ ያለው ጊዜ ይሻላል።

ከውሃው ለጥቂቱ ምግብ ስጡት። አንድ እፍኝ ድርቆሽ በውሃ ቀቅሉ፣ አቀዝቅዙ፣ ከሐይቁ ውሃ ጨምሩበትና ለጥቂት ቀን ተውት። ሽታው ይለወጣል፣ ላዩ ላይ ስስ ቆዳ ይሠራል። ያ ቆዳ በአመዛኙ የባክቴሪያ ስብስብ ነው፤ ከሥሩም ባክቴሪያ የሚበሉ ፕሮቶዞዋ የሚባሉ ባለ አንድ ህዋስ ፍጡራን ይፈላሉ። በድርቆሽ ላይ ያለ አንድ ባክቴሪያ ጠንካራ ዘር ሠርቶ ፍላትን እንኳ ይቋቋማል። ይህን በ1876 ያሳየው ጀርመናዊው ፈርዲናንድ ኮን ነው። ባሕር ዳር ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለእነሱ ይበልጥ ይመቻቸዋል።

ደረጃ 4፦ ጠብታውን እዩ

ከልጋጉ አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ ጣሉ። ጥቂት የተበጠረ ጥጥ ክሮች አኑሩበት፤ ፈጣኖቹ ክሩ መሐል ሲገቡ ይታገዳሉ። ሸፍኑት። ስላይዱ ከሚቀመጥበት መድረክ ሥር ያለውን የብርሃን መክፈቻ አጥብቡ። ቀለም ያልተነከረ ህዋስ ብርሃን ሲበዛ ይጠፋል። ለእኔ ጀማሪ ከሚሠራቸው ስህተቶች ሁሉ ትልቁ ብርሃን ማብዛት ነው።

በ100 ጊዜ ጀምሩ። ቡናማ፣ እንደ ሸምበቆ ተቀጣጥለው ረጅም መስመር የሠሩት ዳያቶሞች ናቸው። ግድግዳቸው ከሲሊካ፣ ማለትም መስታወት ከሚሠራበት ነገር የተሠራ ነው። አረንጓዴዎቹ አልጌዎች ናቸው። በውስጣቸው አረንጓዴው ቀለም ተሰብስቦ የሚታየው ክሎሮፕላስት ነው። ቅርጽ በሌለው ልጋግ ውስጥ የተሰበሰቡ ብዙ ጥቃቅን ክብ ነጥቦች ካያችሁ ማይክሮሲስቲስ ሊሆን ይችላል። ቀለሙ ቢያሳስትም አልጌ አይደለም፤ ባክቴሪያ ነው። ክሎሮፕላስት የለውም፣ ኑክለስም የለውም። ሲበዛ መርዝ ሊያመነጭ ስለሚችል አረንጓዴ ቀለም የፈሰሰበት የመሰለ ውሃ ካያችሁ እናንተም ከብቶቻችሁም አትጠጡት።

የሚሯሯጡት ደግሞ ፕሮቶዞዋ ናቸው። ፓራሜሲየም ካገኛችሁ ዕድለኛ ናችሁ። ከ100 እስከ 300 ማይክሮሜትር ይረዝማል። በለካችሁት ክብ አረጋግጡ። በ400 ጊዜ ስታዩት ዙሪያውን የሚርገበገቡ ሽፋሽፍት አሉት። አንድ ጥጥ ክር ሲያቆመው ጫፍና ጫፉ አካባቢ እየሞላ ድንገት የሚከስም ክብ ፈልጉ። ውሃ እየቀዳ ወደ ውጭ የሚያስወጣበት ነው። የሐይቅ ውሃ ጨው በጣም ትንሽ ነው፤ የህዋሱ ውስጥ ግን ይበዛል። ስለዚህ ውሃ ሳያቋርጥ በገለፈቱ፣ ማለትም ህዋሱን በሸፈነው ስስ ቆዳ በኩል ይገባል። ካልቀዳው ያፈነዳዋል። አንድ ትንሽ ጠብታ ቀጭን የጨው ውሃ በመሸፈኛው ጠርዝ አስገቡና በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚከስም ቁጠሩ። ይቀንሳል። ገለፈቱ ራሱ በዚህ መሣሪያ አይታይም፤ መኖሩን ግን በሥራው አወቃችሁ።

ሐይቅ ውሃ ውስጥ እንዲህ ያሉ ፍጡራንን አይቶ በጽሑፍ የዘገበው የመጀመሪያው ሰው በሆላንድ የደልፍት ከተማ ጨርቅ ነጋዴ የነበረው አንቶኒ ቫን ሊውዌንሁክ ነው። ጊዜው 1674 ነበር። ዩኒቨርሲቲ አልገባም። ሌንሱን የሚሞርደው ራሱ ነው። እስከ ዛሬ ከቆዩት መሣሪያዎቹ አንዱ በአንድ ሌንስ ብቻ ወደ 270 ጊዜ ያጎላል። በ1676 ቁንዶ በርበሬ ለምን እንደሚያቃጥል ሊያውቅ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፎ አቆየውና ከዚያ በፊት ካያቸው ሁሉ የሚያንሱ ፍጡራን አገኘ። ባክቴሪያ ነበሩ። የለንደኑ የሳይንስ ማኅበር ሮያል ሶሳይቲ በቀላሉ አላመነውም። በ1677 ሙከራውን ደግሞ «እውነት ነው» ያለለት ያው የቡሹ ሮበርት ሁክ ነው። እናንተም ባልደረባችሁ ያየውን ሌላ ሰው ደግሞ ሳያይ አትመዝግቡ።

አሁን ወደ ብራውን እንመለስ። በ400 ጊዜ የጣናን ውሃ ስታዩ በየቦታው የሚንቀጠቀጡ እልፍ ነጥቦች አሉ። ልጆች «ባክቴሪያ! ባክቴሪያ!» ይላሉ። አብዛኛው ጭቃ ነው። ብራውን በ1827 ከአበባ ዱቄት የወጡ ቅንጣቶች ውሃ ውስጥ ሲንቀጠቀጡ አይቶ ሕይወት መስሎት ነበር። ከዚያ ሕይወት የሌለውን ሁሉ እየፈጨ ሞከረ፤ ከግብጹ ስፊንክስ የተገኘ ቁራጭ ድንጋይ ሳይቀር። ሁሉም ተንቀጠቀጠ። ቅንጣቶቹን የሚገፋፋቸው የውሃው ሞለኪውል ነው። ስለዚህ ከጠርሙሱ ትንሽ ውሃ አፍሉ፣ አቀዝቅዙና እዩት። ካፈላችሁትም በኋላ ያው የሚንቀጠቀጠው ሕይወት አይደለም። ካልፈላው ውስጥ ደግሞ አቅጣጫ ይዞ የሚሄደውን፣ የሚታጠፈውን፣ ጎረቤቱን አልፎ የሚሄደውን ፈልጉ። ጭቃ በሞላበት ሐይቅ ዳር ላለን ሰዎች ከዚህ የበለጠ ፈተና የለም።

ደረጃ 5፦ ከእርሾ

እንጀራ ሊጋገር የቦካ ሊጥ ላይ ካቀረረው ቢጫ እርሾ አንድ ጠብታ ውሰዱ። በአምስት ጠብታ ውሃ አቅጥኑት። ሸፍናችሁ በ400 ጊዜ እዩ። ክብና ሞላላ፣ ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር የሚሆኑ ህዋሶች ይኖራሉ። ችግሩ የጤፍ ስታርች ቅንጣትም ከ2 እስከ 6 ማይክሮሜትር ስለሆነ ይምታታል። መፍትሔው አዮዲን ነው። በመሸፈኛው ጠርዝ አንድ ጠብታ አስገቡ። ሰማያዊ ጥቁር የሆነው ስታርች ነው። ቢጫ ቡናማ የሆነው ህዋስ ነው።

ጎኑ ላይ ትንሽ እብጠት ያወጣውን ፈልጉ። እየተባዛ ነው። ጀርመናዊው ቴዎዶር ሽቫን በ1837 እርሾ ሕይወት ያለው ነገር መሆኑን ካሳዩት አንዱ ነው። ማቲያስ ሽላይደን በ1838 ዕፅዋት ሁሉ ከህዋስ እንደተሠሩ ጻፈ፤ ሽቫን በ1839 እንስሳትን ጨመረ። ህዋስ ከየት እንደሚመጣ ግን ሁለቱም ስተዋል፤ ከፈሳሽ እንደ ክሪስታል የሚረጋ መሰላቸው። ህዋስ ከህዋስ እንጂ ከሌላ እንደማይመጣ ሮበርት ሬማክ በ1852፣ ሩዶልፍ ፊርሆ በ1855 አስረገጡ። ያ እብጠት ማስረጃው ነው።

ደረጃ 6፦ ባክቴሪያ

ሁለት ምንጭ እመክራለሁ፤ እርጎና የራሳችሁ ጥርስ። ከእርጎው ላይ ያቀረረውን ውሃ ተጠቀሙ፤ ወፍራሙ ክፍል ቅባትና የወተት እርጋታ ስለሚበዛው ቀለሙን ያበላሻል። ለጥርስ ደግሞ ጠዋት ከመፋቂያው በፊት በንጹሕ ስንጥር የጥርሳችሁን ሥር ፋቁ። ሊውዌንሁክም በ1683 እንዲሁ አድርጓል።

ትንሹን ናሙና ስላይድ ላይ በአንድ ጠብታ ውሃ በስሱ ዘርጉት። ስስነቱ ወሳኝ ነው። በራሱ ይድረቅ፤ አትንፉበት። ሲደርቅ ናሙናው ያለበትን ገጽ ወደ ላይ አድርጋችሁ ሦስት ጊዜ በእሳቱ ላይ አሳልፉት። ለመያዝ የሚያቃጥል ከሆነ አብዝታችኋል። ጂቪውን አፍስሱና አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ውሃ ቀስ አድርጋችሁ በጠርዙ በኩል አፍስሳችሁ እጠቡት። አድርቁት። በ400 ጊዜ ነጥብ ነጥብ ሆነው ይታያሉ። ዘይት ጨምራችሁ በ100ው ሌንስ ስትሄዱ ቅርጻቸው ይለያል። ክቦች፣ በሰንሰለት የተያያዙ ክቦች፣ በትሮች። የጥርሱ ላይ የአፍ ቆዳ ህዋስም ይገኛል። ስፋቱ 50 ማይክሮሜትር አካባቢ ነው፣ መሐሉ ላይ ኑክለስ አለው። አጠገቡ ያሉት ባክቴሪያዎች 1 ማይክሮሜትር ገደማ ናቸው። በአንድ እይታ ውስጥ ሁለቱን ዓይነት ህዋስ፣ ኑክለስ ያለውንና የሌለውን፣ አገኛችሁ ማለት ነው። ይህን ሥዕል ሳትስሉ እንዳትነሱ።

በባክቴሪያው ውስጥ ምንም አይታይም፤ ሐምራዊ ብቻ ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙ ተማሪ ከመጽሐፉ ገልብጦ ራይቦዞምና ዲኤንኤ የሚስለው። አታድርጉት። ኧርንስት አቤ በ1873 እንዳሳየው የብርሃን ማይክሮስኮፕ የማየት አቅም በብርሃን ሞገድ ርዝመት የተገደበ ነው፤ ከ0.2 ማይክሮሜትር በታች የተራራቁ ሁለት ነጥቦችን መለየት አይችልም። ራይቦዞም ስፋቱ 0.02 ማይክሮሜትር ገደማ ነው። ገለፈቱ ከዚያም ይቀጥናል። እነሱን ለማየት ሩስካና ኖል በ1931 የጀመሩት የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ መምጣት ነበረበት።

የባክቴሪያውን ግድግዳ ግን በቀለም መፈተሽ ይቻላል። ዴንማርካዊው ሃንስ ክሪስቲያን ግራም በ1884 ያወጣው ዘዴ የሚጀምረው በያዛችሁት ሐምራዊ ቀለም ነው። ቀጥሎ አዮዲን፣ ከዚያ አልኮል፣ በመጨረሻ ቀይ ቀለም። ግድግዳው ወፍራም የሆነው ባክቴሪያ ሐምራዊውን ይይዛል። ስስ የሆነው በአልኮሉ ይለቅና ቀይ ይሆናል። የእርጎ ባክቴሪያዎች ወፍራም ግድግዳ ካላቸው ወገን ናቸው። ላቦራቶሪና መምህር ካላችሁ ሞክሩት፤ ቤት ውስጥ ግን ጂቪው ብቻ ይበቃል።

ደረጃ 7፦ መሳልና ማጽዳት

በእርሳስ ሳሉ። ከእያንዳንዱ ሥዕል ጎን ውሃው የተቀዳበት ቦታ፣ ቀኑ፣ ስንት ጊዜ እንደጎላና የተለካው መጠን ይጻፍ። ያያችሁትን ክፍል ብቻ ሰይሙ። ከመጽሐፍ የምታውቁትን መጨመር ካማራችሁ በሌላ ገጽ ይሁን።

ያለቀላቸውን ስላይዶች በውሃ በቀጠነ በረኪና ውስጥ ቢያንስ 10 ደቂቃ ዘፍዝፉ። ዘይት የነካውን ሌንስ ለስላሳ የሌንስ ወረቀት ብቻ ይጥረገው፤ ሸሚዝ ይቧጭረዋል። የድርቆሹንና የሐይቁን ውሃ አፍልታችሁ አፈር ላይ ድፉት። የእምቦጭ ቁራጭ ከቀረ ፀሐይ ላይ በደንብ አድርቃችሁ አቃጥሉት። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ ናሙና የነካ ማንኪያ ወደ ወጥ ቤት አይመለስ።